«በ2 ኪሎ ከሰል 24 ሰዓት» የሚባለውን ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ለገጣፎ፣ የትም ሁኑ፤ ጫጩት የምታሳድጉና የሌሊት ብርድ የሚፈታተናችሁ ከሆነ ይህችን አንብቧት። እኔን 18,500 ብር በልቶኛል። ሊበላ የነበረው ግን ከብር በላይ ነው። እደርስበታለሁ።

500 የአንድ ቀን ጫጩት አዝዤ ነበር። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። እኛ ሰፈር ደግሞ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሳሩ ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት ሌሊት አለ። መብራት እንደልቡ ይሄዳል። በአምፖል ብቻ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ስለት ሲሳል ነው የሚያድረው። ስለዚህ ከሰል ማሞቂያ ፈለግኩ።

ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። «ዘመናዊ የከሰል ማሞቂያ። በድንጋይ ከሰልም በእንጨት ከሰልም ይሰራል። በ2 ኪሎ 24 ሰዓት። ከጭስ ነጻ። ሙቀት ቆጣቢ መዝጊያ የተገጠመለት።» ቪዲዮው ላይ ሰውየው እጁን ምድጃው ላይ ያስጠጋና «ኧረ አቃጠለኝ!» ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከፈልኩ።

ያኔ ስልኬ ላይ ካልኩሌተር ነበር። አልነካሁትም። 1 ኪሎ ደረቅ የእንጨት ከሰል ውስጥ ያለው ሙቀት ቢበዛ 30 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። 2 ኪሎውን ለ24 ሰዓት አካፍሉት። የሚደርሳችሁ 700 ዋት አካባቢ ነው። የእንጀራ ምጣዳችሁ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እንግዲህ ሰውየው የሸጠልኝ የምጣድ አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው። ያውም አንዲት ሙቀት በጭስ ማውጫው ካልወጣች። በዚህ ነው እንግዲህ 40 ካሬ የቆርቆሮ ቤት የማሞቀው። ከሰሉ ውስጥ የሌለውን ሙቀት ምድጃው ከየት ያመጣዋል?

የመጀመሪያው ሌሊት ላይ እሳቱ ሲይዝ ደስ ይል ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ ግን አንቀላፋ። ስቆሰቁሰው ይነሳል። ዞር ስል መልሶ ይተኛል። ቴርሞሜትሩ 24 ላይ ቆሞ ቀረ። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተከመሩ። ጫጩት ስትከመር የታችኛዋ ታፍና እንደምትሞት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ በእጄ ስበትናቸው አደርኩ።

ጠዋት ሻጩን ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ከሰልህ እርጥብ ይሆናል» አለኝ።

ከሰል ቀየርኩ። ያው ነው። በድንጋይ ከሰል ሞከርኩ። ባሰ። ድንጋይ ከሰል እንደ እንጨት ከሰል ተቃጥሎ ያለቀለት ነገር አይደለም። ሲሞቅ ገና ጋዝ ይተፋል፣ ይጨሳል፣ የድኝ ሽታ አለው፣ አመዱም ብዙ ነው። ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሆን ነገር ሁሉ ለጫጩት ቤት አይሆንም። የገዛሁት ደግሞ ግማሹ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱ ቀዳዳውን ደፍኖ አየር የሚባል አላሳልፍ አለ።

እንደገና ደወልኩ። አሁን ደግሞ «ማራገቢያዋን ለምን አትወስድም? 2,800 ብር ብቻ» አለኝ። ወሰድኩ። አትፍረዱብኝ፤ አንዴ ገንዘቡን ያስገባ ሰው ሌላ ጨምሮ ማስገባት ይቀለዋል።

ፋኗ እሳቱን አነደደችው፣ አልዋሽም። ግን ጭስ ማውጫው ጠባብ ስለሆነ የሚገፋው ጭስ መሄጃ አጣ። በየብየዳው ስንጥቅ ወደ ቤቱ ገባ። ቀጥሎ የከሰል መቀመጫው ብረት ቀልቶ ጎበጠ። አንጥረኛ ብረት የሚያለሰልሰው እኮ በከሰልና በወናፍ ነው። እኔም ሳላውቀው የራሴን ምድጃ በወናፍ ስቀጠቅጥ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ።

አራተኛው ቀን ላይ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል ብዬ ሻጩን ስነግረው «ሙቀት ቆጣቢውን መዝጊያ ዝጋዋ!» አለኝ። መዝጊያዋ ጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ያለች ክብ ላሜራ ናት፤ እጀታዋን ስታዞሯት ቱቦውን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ማታ 4 ሰዓት ላይ ዘጋኋት። እውነትም ቤቱ ሞቀ። ጭስም አይታይም። ከኔ ጋር የሚሰራው ልጅ የጫጩት ቤቱ መግቢያ ላይ ባለችው አልጋ ተኛ። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ልጁ ነው። ቆሞ አይደለም የሚያንኳኳው፤ ተቀምጦ ነው። «ራሴን እያዞረኝ ነው፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ። አስመለሰው። ውሻው ሲጮህ ነቅቶ፣ ሊያየው ብሎ በሩን ከፍቶ ነው የተረፈው። ውሻው ባይጮህ ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ባለቤቴ ውጪ ብርድ ልብስ አልብሳ አስቀመጠችው። ወተት አጠጡት የሚል ጎረቤት አልጠፋም። ወተት ለዚህ ምንም አይሰራም። መጀመሪያ ንጹህ አየር፣ ከዚያ ኦክስጅን ያለበት ሐኪም ቤት ነው። ይዘነው ሄድን፣ ደህና ሆነ። ከጫጩቶቹ 63 ሞተው አገኘሁ። ስለነሱ ለማዘን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ የታየኝ ልጁ ነበር።

ልጁን የመረዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ መዝጊያዋ መውጫውን ስለዘጋችበት ቤት ውስጥ ቀረ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይን አያቃጥልም። «ጭስ የለም» ማለት «ጋዝ የለም» ማለት አይደለም። ቀልቶ የተኛ ከሰል፣ ጭስ የሌለው፣ የሚያምረው፣ እሱ ነው ብዙ የሚያመነጨው። ጋዙ ከደም ጋር ያለው ቁርኝት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ስለዚህ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ መዝጊያ ጭስ ማውጫ ላይ ያለበትን የከሰል ማሞቂያ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። መዝጊያ ካስፈለገ ሩብ ያህሉ ተቆርጦ ሁልጊዜ ክፍት የሚቀር ይሁን።

በማግስቱ ምድጃውን በጋሪ ጭኜ አንድ ሽማግሌ በያጅ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ከኔ ይልቅ ምድጃውን ነው ሰላም ያሉት፤ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ በጥፍራቸው ላሜራውን መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ የማሞቂያ ላሜራ ነው ወይስ የቁም ሳጥን?» አሉ።

ከዚያ የከሰል መቀመጫውን ፈልቅቀው አወጡት። ፍርግርግ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው። በባለ 8 ሚሊ መሰርሰሪያ ተበስቷል። ቆጠርናቸው፤ 40 ቀዳዳ። ቀዳዳዎቹ አንድ ላይ ቢደመሩ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። የክብሪት ቀፎ ፊት ማለት ነው። ያ ሁሉ እሳት በክብሪት ቀፎ በምታክል ቀዳዳ ነበር የሚተነፍሰው። ያውም አመድ ሳይደፍናት። ከ40ዎቹ 31ዱ ተደፍነው ነበር።

1 ኪሎ ከሰል በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 10 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየር በኪሎ ሲባል ያስቃል፣ ግን ክብደት አለው። እንጦጦን ተሻግረን ያለን ሰዎች ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ነን፤ አየሩ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቆላ ላይ በጉድ የሚነድ ምድጃ እኛ ጋ ሲመጣ የሚያንቀላፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የአየር በሩ ሰፋ ማለት አለበት።

አየር ሲያጥርስ? ከሰሉ አይጠፋም፤ በግማሽ ይነድዳል። ካርቦኑ እስከመጨረሻው ሳይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ያኔ የምታገኙት ሙቀት ሊሰጣችሁ ከሚችለው ሲሶ አይሞላም። ከሰላችሁ ያልቃል፣ ቤታችሁ አይሞቅም፣ መርዙ ይበዛል። ሦስቱም ከአንዲት ጉድለት የሚመጡ ናቸው። እኔ ከሰሉን ስረግም የከረምኩት በከንቱ ነው።

ጋሼ ያደረጉት ብዙ አይደለም። ላሜራውን ጥለው ባለ 20 ሚሊ ሙሉ ብረት ቆራርጠው በ10 ሚሊ ክፍተት ደረደሩት። አሁን ከመቀመጫው ሲሶው ክፍት ነው። ብረቶቹን ግን አልበየዷቸውም፤ በማዕዘን ብረት ላይ እንዲሁ አስቀመጧቸው።

«ለምን አይበየድም ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብረት ሲግል ይረዝማል። ሁለቱን ጫፍ ካሰርከው የት ይሂድ? ይጎብጣል።»

ቤት ገብቼ አሰላሁት። 30 ሳንቲሜትር ብረት እስከ 600 ዲግሪ ሲግል 2 ሚሊ ያህል ይረዝማል። ለጣት ምንም አይደለም፤ ታስሮ ለተበየደ ብረት ግን ብዙ ነው። ደግሞ አንዱ ብረት ካለቀ እሱን ብቻ አውጥቶ መቀየር ነው። ካስት አይረን ብታገኙ ከዚህ ይሻላል፣ እሳት ይችላል።

ከፍርግርጉ በታች ደግሞ አንድ ስንዝር የአመድ ቦታ ሰሩልኝ። የድሮው ሁለት ጣት ነበር። አመድ እስከ ፍርግርጉ ከሞላ አየሩ ይታገዳል፣ ብረቱም ያልቃል፤ ምክንያቱም ፍርግርጉን የሚያበርደው ከስር የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው። አመዱን ጠዋትና ማታ ማውጣት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ከእሳቱ በላይ በጎንና በጎን ትንንሽ ቀዳዳዎችም አበጁ። ከስር የገባው አየር ያላቃጠለውን ጋዝ ከላይ የገባው ይጨርሰዋል። ጨለማ ሲሆን ሰማያዊ ነበልባል እዚያ ጋ ሲጫወት ታዩታላችሁ። እኔ አሁንም ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ጭስ ማውጫው ስፋቱ 5 ሳንቲሜትር ነበር፣ ሁለት ቦታ በኤልቦ ተጠምዞ በግድግዳ የሚወጣ። በ12 ሳንቲሜትር ቱቦ ቀየሩት። ስፋቱ ከእጥፍ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ ግን ከ5 እጥፍ በላይ አድጓል። ቀጥ ብሎ በጣሪያው አናት ላይ ይወጣል። ሁሉም 6,200 ብር ፈጀ። ከመጀመሪያውስ ጋሼ ጋ ባሰራው ኖሮ?

አሁን ጫጩት ቤቱን በሸራ ከልዬ በሌሊት 8 ኪሎ ገደማ ከሰል አቃጥላለሁ። 2 ኪሎ አይደለም። 33 ዲግሪ ግን አገኛለሁ፣ ጫጩቶቹም ተበታትነው ይተኛሉ። ፋኗ ሳጥን ውስጥ ናት። ልጁ ከዚያ ወዲህ እሳት ባለበት ቤት አያድርም፤ መጠበቅ ሲኖርበት በሰዓት በሰዓት ገብቶ አይቶ ይወጣል። ለጫጩቱም ቢሆን ከላይ በኩል መስኮት ክፍት ነው።

ልትገዙ ከሆነ ቢያንስ ይህን አድርጉ። ዕጣን ይዛችሁ ሂዱ። እሳት ያያዙበትን ምድጃ የአየር በሩ ላይ ዕጣኑን አስጠጉት። ጭሱን ወደ ውስጥ ከሳበው ይተነፍሳል። ወደ እናንተ ከመለሰው ዞር በሉ። የስልካችሁን መብራት ደግሞ ባልተለኮሰው ምድጃ ውስጥ አስቀምጡና በሩን ዝጉት፣ ጨለም ያለ ቦታ ይሁን። በብየዳው በኩል ብርሃን ከታየ ነገ በዚያው ጋዝ ይወጣል። የኔ እንደ ገና ዛፍ ነበር የሚያበራው። ፍርግርጉን አውጥቶ ካላሳየ ሻጭ አትግዙ። አንቲረስት የተቀባው ሁሉ ወፍራም አይደለም፤ ጠርዙን እዩት።

ደረሰኝም አልያዝኩም ነበር። ይህ የኔ ጥፋት ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። እኔ «ከሰሉ እርጥብ ይሆናል» እየተባልኩ፣ ፋን እየጨመርኩ፣ ሐኪም ቤት እየተመላለስኩ 15ቱ ቀን አለቀ። ስደውል መጀመሪያ «ሱቅ ላይ ሰው የለም» አለ፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረገኝ።

በባለቤቴ ስልክ ገብቼ አየሁት። ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋትም አለ። ያው ቪዲዮ፣ ያው ሳቅ። ዋጋው ብቻ 21,000 ገብቷል፤ ፋኗን ጨምሮ ነው ይላል።