ለጨለማ ጭፈራ ቤት ፎቶ የቱ ይቅደም፦ ፍላሽ፣ ፕራይም ወይስ ዙም?

የማታ ግብዣና የጭፈራ ቤት ፎቶ የጀመረ ሰው ምስሎቹ ወይ ጨልመው ወይ ተንቀጥቅጠው ሲያገኛቸው መጀመሪያ የሚያማርረው ካሜራውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ከካሜራው ጋር አብሮ የተሸጠው ሌንስ ነው። ያ ሌንስ ዙም ሲደረግ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ የዚያን 16 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ አዲስ ካሜራ መግዛቱን እናቆየውና ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን እንያቸው፦ 35 ሚሊሜትር ፕራይም፣ ማለትም ዙም የማያደርግ ሌንስ (ኤፍ 1.8 ወይም 1.4)፣ 24-70 ኤፍ 2.8 ዙም፣ እና ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ፍላሽ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ቦታው ጠባብና ጨለማ ከሆነ ፍላሹ ይቅደም፣ ፕራይሙ ይከተል፣ ዙሙ ይቆይ።

ፕራይም

ክብደቱ ቀላል ነው፤ የሶኒ 35 ኤፍ 1.8 280 ግራም፣ የካነን አርኤፍ 35 ኤፍ 1.8 305 ግራም ይመዝናል። የቤቱን ድባብ ሳይነካ እንዳለ ያነሳል፣ ማንንም አይረብሽም። በኤፍ 1.4 እና በ1/200 ሰከንድ ሻተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፤ ሲጨምር ምስሉ ይሻክራል) 6400 የሚበቃበት ቦታ፣ በኤፍ 2.8 ዙም 25600 ይጠይቃል። ልዩነቱ ፊት ቆዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንከኑ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ፣ ትልቅ የሆነ) ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት በኤፍ 1.4 ስታነሱ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 15 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አራት ጓደኛሞች ተቃቅፈው ቢቆሙ አንዱ ይጠራል፣ ከኋላ ያለው ጭጋግ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሌንስ ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ አይፈጥርም። መብራቱ ቀይ ወይም ሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻ ከሆነ ፊቱ ቀይ እድፍ ሆኖ ይቀራል፤ ያንን በኮምፒውተር ማስተካከልም አድካሚ ነው። 50 ሚሊሜትሩን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ካሜራችሁ ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ከሆነ 23 ወይም 24 ሚሊሜትር ፈልጉ።

ዙም

ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለመድረክ ዝግጅት የሚወዳደረው የለም። እዚህ ግን ከሦስቱ ውዱ እሱ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በ70 ሚሊሜትሩ ጫፍ ልታነሱት ከምትፈልጉት ሰው ፊት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ትከሻ አለ። የኒኮን ዜድ 24-70 ኤፍ 2.8 የመጀመሪያው ሞዴል 805 ግራም፣ የካነኑ አርኤፍ 900 ግራም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ መያዝ ቀልድ አይደለም። የግድ ዙም ካላችሁ የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሞዴል 540 ግራም ገደማ ነው።

ፍላሽ

ፍላሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የገረጣ ፊትና ከኋላው ድፍን ጥቁር ነው። ያ የሚመጣው ሻተሩ 1/200፣ አይኤስኦው 100 ሲሆን ነው፤ የክፍሉ መብራት ለመመዝገብ ጊዜ አያገኝም። ሻተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን ወደ 1600፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 5.6 አምጡትና እዩት። የፍላሹ ብልጭታ በዝቅተኛ ኃይል ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ስለሚያንስ የሚጨፍረውን ሰው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ የቀረው የሻተር ጊዜ ደግሞ የዲጄውን መብራቶች ከኋላ ይሰበስባል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚሆን አራቱም ጓደኛሞች ይጠራሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀድሞ በእጃችሁ ባለው ሌንስ ነው። ፍላሹን ያስቀደምኩትም ለዚህ ነው።

ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ብርሃኑን ወደ ላይ አንጥሩት፤ ጥቁር ከሆነ ግን ይውጠዋል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ጥቁር ጣሪያ ላይ ሳንጥር ቆይቼ፣ ግብዣው ገና ሳይሟሟቅ ባትሪ ጨርሻለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ፍላሹን ቀጥታ ወደ ሰው ማዞር አያሳፍርም። አናቱ ላይ የሚደፋው የፕላስቲክ ቆብም ጣሪያና ግድግዳው ጥቁር ከሆነ ኃይል ከመብላት ያለፈ ብዙ አይረዳም።

በማንዋል ብቻ የሚሠራው (ኃይሉን ራሳችሁ በእጅ የምታስተካክሉት) ፍላሽ ርካሽ ነው፤ ርቀታችሁ ካልተለዋወጠ ይበቃል። ነገር ግን ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብትርቁ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በሰው መሃል ለሚሹለከለክ ሰው ቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን ኃይል ራሱ ለክቶ የሚወስንበት ዘዴ) ያለው ይሻለዋል። ቲቲኤል የሚሠራው ለካሜራችሁ ብራንድ ከተሠራ ብቻ ስለሆነ ካርቶኑን አንብቡ። ካነን 250ዲ፣ 2000ዲ ወይም 4000ዲ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የፍላሽ መሰኪያቸው የመሃሏ ነጥብ ስለሌላት ርካሹ ማንዋል ፍላሽ ጭራሽ አይበራላችሁም። በአራት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ይልቅ የሊቲየም ባትሪ ያለውን እመርጣለሁ፤ ጎዶክስ ቪ860 ሦስተኛው ለምሳሌ በሙሉ ኃይል 480 ያህል ጊዜ ይበራል፣ ለመሙላትም 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

የፍላሽ ችግሩ ሰውን ማስቸገሩ ነው። አንዳንድ ቤት ይከለክለዋል፣ አንዳንድ ዲጄም አይወደውም፤ ሳትገዙ በፊት የምትሠሩባቸውን ቤቶች ጠይቁ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ቅደም ተከተሌን ገልብጡት፤ ፕራይሙን ግዙ። ከሌዘር መብራት ግን ሦስቱም አያድኗችሁም፤ ጨረሩ በቀጥታ ሌንስ ውስጥ ከገባ ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ ሌንሱን በእጅ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ ሻጋታ እንዳለው እዩ። ፍላሹን በሙሉ ኃይል አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አብሩት፤ ለመሙላት የሚወስድበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እየረዘመ ከሄደ ባትሪው አርጅቷል፣ ዋጋውን ቀንሱበት።