የሰፈራችንን ልጆች ላገናኘችልን የሥዕልና የአሻንጉሊት ቲያትር አስተማሪ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገንና ለሌሎች ሰፈሮችም ለመጠቆም ነው። ስሟን እንዳልጠራ ስለጠየቀችኝ ልጆቹ እንደሚጠሯት «ቲቸር» ልበላት።

ሰፈራችን ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ አንድ ክፍል ተከራይተው ከነልጆቻቸው የሚኖሩም አሉ። ልጆቹ ግን አይተዋወቁም ነበር። ግማሾቹ በመኪና ወጥተው በመኪና ይገባሉ፣ ግማሾቹ ደጅ ይጫወታሉ። ጠብ የለም፤ የሚያገናኛቸው ነገር ነው የጠፋው።

ቲቸር ቅዳሜ ከሰዓት ሰብስባ በካርቶንና በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ታሠራቸዋለች። ግድግዳ ይሥላሉ፣ የራሳቸውን ታሪክ ፈጥረው ይተውናሉ። ይህን ብዙ ሰው ይሠራዋል። የእሷ ልዩነት አሠራሯ ላይ ነው።

ከቤት ዕቃ ይዞ መምጣት አይቻልም። 24 ቀለም እርሳስ ያለውም ምንም የሌለውም ከአንድ ሳጥን ይጠቀማሉ። መቀሶቹን ደግሞ ሆን ብላ ከልጆቹ ቁጥር ታሳንሳቸዋለች። «ጨረስሽ? አቀብይኝ» መባባል ግድ ነው፤ ወሬውም የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ቡድን የምትመድበው ራሷ ናት፤ ምረጡ ከተባሉማ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ ይቀመጣል። አንዱ የአሻንጉሊቱን ጭንቅላት ይሠራል፣ ሌላው ልብሱን፣ ሌላዋ ድምፅ ትሆናለች። የአንዳቸው ሥራ ከጎደለ አሻንጉሊቱ መድረክ አይወጣም። ይህ መላ ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ስለ ኤሊየት አሮንሰን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ክፍል ገብተው ሲቃቃሩ፣ ይህ የሥነ ልቦና ምሁር ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ሙሉውን ለማወቅ የግድ ጓደኛን ማዳመጥ ነው። ልጆችን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እኩል ሆነው ለአንድ ዓላማ ሲሠሩ ግን እንደሚቀራረቡ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ቀን የአንዱ ልጅ አንበሳ መንጋጋው ተገነጠለ። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ከግቢ የማይወጣ። ሙጫ ቢቀባው ቢቀባው እምቢ አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንበሳውን ተቀብላ መንጋጋውን በክርና በአዝራር ሰፋችው፤ አፉ እንደ ልብ ይከፈት ይዘጋ ጀመር። «እንዴት አድርገሽ ነው?» አላት ዓይኑን ከእጇ ሳይነቅል። እሷም ፈትታ እንደገና ሰፍታ አሳየችው። ከቤቷ ያመጣችው ሙያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ዋጋ አገኘ። አሁን ሁለቱ ደጅም አብረው ነው የሚጫወቱት።

ስለ ጥንቃቄዋም ልናገር። መመዝገቢያው ላይ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታና የወላጅ ስልክ እንጂ የአባት ሥራ አይጠየቅም። ፎቶ ያለ ፈቃድ አታነሳም፤ «ችግረኛ ልጆች» የሚል ቃልም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ክፍያው በወላጆች ኮሚቴ በኩል ስለሚሄድ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ልጆቹ አያውቁም። ወላጅ ውስጥ እንዲቀመጥም አትፈልግም። አንዳንዶች ቅር ብሏቸው ነበር፤ እኔ ግን ልክ ናት እላለሁ። እናት አጠገቡ ካለች ልጅ ወደ እናቱ ነው የሚያየው።

እሑድ ሌላ ሰፈር ለመያዝ ጊዜ አላት። የምትፈልጉ ካላችሁ ጥላ ያለው ሰፋ ያለ ቦታ፣ ቅርብ ውሃና ለቁሳቁስ የጋራ መዋጮ አዘጋጁ። ማስታወቂያ ለጥፋችሁ ብቻ አትጠብቁ፤ የሚመጡት ሁሌም የሚመጡት ብቻ ይሆናሉ። እሷ በየቤቱ እየዞረች ነው የጋበዘችው፣ በተለይ ማንም የማያንኳኳቸውን በሮች። አብሯት የሚዞር የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ አንድ ሰው መድቡላት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።