የጀልባ ሞተር በምን ይነሳ? የእጅ ሰንሰለት፣ የጋራዥ ክሬን ወይስ የኤሌክትሪክ ማንሻ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ የጀልባ ሞተር ሊወርድ ሲል ሁልጊዜ የማይቀር አንድ ንግግር አለ፤ «ሁለት ጎረምሳ ይበቃዋል!» ለባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ንግግሩ ሐሰት አይደለም። ባለ ሁለት ምቱ 36 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በዚያው ጉልበት ባለ አራት ምቱ ግን ወደ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 40 ፈረስ ጉልበት ላይ ባለ ሁለት ምቱ ከ70 ኪሎ ግራም ያልፋል፣ ባለ አራት ምቱ አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባለ 115ቱ ከ160 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ኩንታል እህል ደግሞ ትከሻ ላይ ተመቻችቶ ይተኛል። የጀልባ ሞተር ክብደቱ ሁሉ ወደ አናቱ ያደላ፣ ታቹ ቀጭን፣ ዘይትና ውሃ የነካው፣ ለእጅ የማይመች ነገር ነው። ከሁለቱ ጎረምሶች አንዱ ስለነበርኩ ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

ስለዚህ ከ15 ፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር ያለው ሰው ማንሻ ይግዛ፣ ወይም ከጎረቤት ጀልባ ባለቤቶች ጋር አዋጥቶ ይግዛ። ገበያ ላይ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። የእኔን ምርጫ አስቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው የጣና፣ የሐዋሳ ወይም የጫሞ ጀልባ ባለቤት ባለ አንድ ቶን የእጅ ሰንሰለት ማንሻ ከሁሉም ይሻላል።

ምክንያቱ አቅሙ ብቻ አይደለም፤ ዝግታው ነው። ሞተር ሲገጠም የሚያስቸግረው ማንሳቱ ሳይሆን የመጨረሻዋ አንድ ጣት ርቀት ናት። የሞተሩ ማቀፊያ በጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ግድግዳው ላይ ከተበሱት ጋር መገጣጠም አለባቸው። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ውሃ እንዳይገባ ማጣበቂያ ተቀብቷል፤ ሞተሩ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ማጣበቂያው ተጠርጎ ይሄዳል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በእጅ ሰንሰለት አንድ ክንድ ስትስቡ ሞተሩ የሚንቀሳቀሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሰው ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ይለቃል፣ ሌላው ብሎኑን በቀዳዳው ይዞ «ትንሽ… ትንሽ… በቃ!» ይላል። እጅዎን ከሰንሰለቱ ላይ ቢያነሱ ሞተሩ ባለበት ይቆማል፤ የውስጡ ፍሬን የሚጨብጠው በተንጠለጠለው ዕቃ በራሱ ክብደት ነው።

ጉድለቱ መስቀያ መፈለጉ ነው። እዚህ ላይ የዋርካ ቅርንጫፍ ይነሳል። ዋርካ ለጥላም፣ ለሽምግልናም፣ ለጀልባ ሞተርም ያገለግላል የሚል እምነት አለን፤ ነገር ግን ቅርንጫፉ ላይ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚችል የተጻፈበት ዋርካ እስካሁን አላየሁም። ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና በሽቦ አስሮ ማቆምም እንደዚያው ነው። የብረት ማቆሚያ ያሠሩ፤ ጀልባዋ ከነተጎታቿ በሥሩ እንድታልፍ ሰፊና ረጅም ይሁን፣ የአግዳሚውን ብረት ውፍረት ደግሞ በያጁ በግምት ሳይሆን ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ይወስን። ከማንሻው ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው ይህ ማቆሚያ ሊሆን ስለሚችል ሲያወዳድሩ አብረው ይደምሩት።

ሁለተኛው የመኪና ሞተር የሚያወጡበት የጋራዥ ክሬን ነው፤ በክሪክ የሚነሳ ክንድና ከታች ትንንሽ ጎማ ያላቸው ሁለት እግሮች አሉት። መስቀያ አይፈልግም፣ ሞተሩን አንስቶ እየገፋ እስከ መሥሪያ ጠረጴዛው ይወስዳል። የሲሚንቶ ወለል ያለው ወርክሾፕ ላለው ሰው ደስ የሚል ዕቃ ነው። ሻጩ «ሁለት ቶን» ሲልዎት ግን ክንዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይመልከቱ። ሁለት ቶኑ ክንዱ እጅግ ሲያጥር ብቻ ነው። እየረዘመ ሲሄድ ወደ አንድ ተኩል፣ ወደ አንድ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግማሽ ቶን ይወርዳል። ለጀልባ ደግሞ ክንዱ የሚያስፈልገው ረዝሞ ነው፤ ምክንያቱም እግሮቹ ከተጎታቹ ብረት ጋር ይጋጫሉና ክሬኑ ጠጋ ማለት አይችልም። ለባለ 40 ሞተር ግማሽ ቶንም ይበቃል፤ የሚያሳስበው ከፍታው ነው። ጀልባዋ ተጎታች ላይ ስትሆን የሞተሩ አናት ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፣ ማቀፊያው ከግድግዳው ጫፍ እንዲላቀቅ ደግሞ ከዚያ በላይ መነሳት አለበት። ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው ይለኩ። ጠጠርና አሸዋ ላይ ደግሞ ትንንሾቹ ጎማዎች ይቀበራሉ፤ የተንጠለጠለ ሞተር ይዞ የቆመ ክሬን መግፋት ማለት መገልበጥ ማለት ነው። ጫሞ ዳር ላለ ሰው ይህን ዕቃ አልመክርም።

የኤሌክትሪኩ ማንሻ ዓይን ይማርካል፤ ቁልፍ ተጭኖ ሞተር ሲነሳ ማየት ያስደስታል። ትንንሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ «200/400 ኪሎ ግራም» ተብሎ ይጻፋል። ሻጭ የሚያነበው ሁለተኛውን ቁጥር ነው፤ እርሱ የሚሠራው ግን ገመዱ በተጨማሪው መዘውር ዞሮ ሲታጠፍ ብቻ ነው። ፍጥነታቸው በደቂቃ ወደ 10 ሜትር ነው፤ በሰከንድ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያንስም። ከላይ ያልኩትን የብሎን ቀዳዳ በዚህ ፍጥነት ማግኘት መርፌን እየሮጡ እንደ መሰካት ነው። መብራት ቢጠፋ ፍሬኑ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ግን መብራት እስኪመለስ በሰማይና በምድር መካከል ይቆያል። በየቀኑ ለሚያነሳ ወርክሾፕ ካልሆነ ይቅርብዎ።

በእጅ የሚሳብ ባለ ሽቦ ገመድ መጎተቻም በርካሽ ይሸጣል። ጀልባ ወደ ዳር ለመጎተት ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ዕቃ አንጠልጥሎ ለማንሳት እንደማይሆኑ ተጽፏል።

ማንሻው ምንም ይሁን ምን፣ ሞተር የሚወድቀው በአብዛኛው መንጠቆው በተያዘበት ቦታ ምክንያት ነው። ኮፋኖውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ይዞ ማንሳት የተለመደ ጥፋት ነው፤ የኮፋኖ መቆለፊያ የተሠራው ኮፋኖን ለመያዝ እንጂ ሞተርን ለመሸከም አይደለም። ትልልቅ ሞተሮች ኮፋኖው ሲነሳ የሚታይ የራሳቸው የማንሻ ቀለበት አላቸው። ሌሎች ደግሞ አናታቸው ላይ ባለው ቮላኖ፣ ማለትም በሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ፣ መሐል ጥርስ ያለው ቀዳዳ አላቸው፤ እዚያ ለዚያው ሞተር የተሠራ ቀለበት ይጠመዘዛል። የሜርኩሪ መመሪያ እንዲህ ላሉት ቢያንስ አምስት ዙር ይላል። ይህንን ቀለበት ከማንሻው ጋር አብረው ይግዙ፤ ቤት ውስጥ በተገኘ ብሎን አይተኩት።

በሁለት ቀበቶ የሚያነሱ ከሆነ ቀበቶዎቹ ረዘም ይበሉ። አጭር ቀበቶ ተንጋልሎ ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ሲቀር እያንዳንዱ የሞተሩን ሙሉ ክብደት ይሸከማል። በአውሮፓ መለኪያ የተሠሩት በቀለም ይለያሉ፤ ሐምራዊው አንድ ቶን፣ አረንጓዴው ሁለት፣ ቢጫው ሦስት። ጽሑፉ የተቀደደበትን ቀበቶ በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

ማንሻው ለጥገናም ይጠቅማል። የመረብ ክር ፕሮፔለሩ ሥር ገብቶ የዘይት መከልከያ ጎማውን ሲበላና የማርሽ ዘይቱ እንደ ወተት ሲነጣ ሰው ሞተሩን ወደ ላይ አጋድሞ በመደገፊያው ብቻ አቁሞ ሥሩ ይገባል። የያማሃ መመሪያ መደገፊያው ቢቆለፍም እንኳ ከሥሩ አትግቡ ይላል። በማንሻው አውርደው የሚያስተኙት ከሆነ አናቱ ከእግሩ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ባለ አራት ምት ሞተር በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ መመሪያው ይናገራል፤ በሌላው ጎን ዘይቱ ወደማይገባበት ይሄዳል።

ሱቅ ውስጥ ሲደርሱ መጀመሪያ መንጠቆውን ይመልከቱ፤ ገመዱ እንዳያመልጥ የምትከለክለው ምላስ በራሷ ተመልሳ መዘጋት አለባት። አቅሙ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይሁን፣ በወረቀት ብቻ የተለጠፈ አይሁን። ከዚያ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 150 ኪሎ ግራም፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያንጠልጥሉና አንድ ሻይ እስኪጠጡ ይተዉት። ስንዝሩ ሳይቀንስ ከጠበቀዎት ይክፈሉ። ሻጩ ማንጠልጠሉን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።