ለፖይንተር የትኛው ማሰሪያ ይሻላል፦ የሱቁ፣ የቆዳው ወይስ የሶማሌ ተራው?

የአደን ዘር ውሻ ያመጣ ወዳጄ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ይደውልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ "ማሰሪያ ከየት ልግዛ?" ጀርመን ሼፐርድ ያላቸው አይደውሉም። እነሱ ቀን ያስራሉ፣ ማታ ይፈታሉ፣ ግቢው ይጠበቃል፤ አለቀ። ፖይንተር፣ ቪዥላ ወይም ቫይማራነር የሚባሉት የአደን ዘሮች ያሉት ግን ወደደም ጠላም ውሻውን ይዞ መውጣት አለበት። ስለዚህ መልሴን አንዴ ጽፌ ልገላገል። ወገንተኛ መሆኔንም ከአሁኑ እወቁት፤ በሶማሌ ተራ፣ በአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሚገኝ የመኪና ቀበቶ የሚሰፋው ማሰሪያ ደጋፊ ነኝ።

የእኔው ዳማ አጭር ፀጉር ያለው የጀርመን ፖይንተር ነው። ጀርመኖች ይህን ዘር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጡት ቀኑን ሙሉ ጫካና ረግረግ ሲያስስ እንዲውል ነው። ወንዱ እስከ 32 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ውሻ አራት ኪሎ ሰፈር ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲኖር፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ካልሮጠ የበር ምንጣፍ ይበላል፣ ጫማ ይበላል፣ የጎረቤት ዶሮም አይቀርለትም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወደ ጃን ሜዳ ነው።

ችግሩ ጃን ሜዳ እስክንደርስ ያለው መንገድ ነው። ድመት አለ። ሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት አለ። የበዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ በግ ነጂው መንጋውን ይዞ መሀል አስፋልት ላይ ይመጣል። ዳማ ርግብ ሲያይ ቀጥ ይላል። የፊት እግሩን አጥፎ ያነሳል፣ አፍንጫውን ያሾላል፣ ትንፋሹ የቆመ ይመስላል። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት እናት አይተውት "ልጄ፣ እግሩን እሾህ ወግቶት ነው መሰለኝ፣ ኧረ እየው" አሉኝ። እሾህ አይደለም፣ ማደኑ ነው። ርግቧ ብድግ ስትል ያ ሁሉ ክብደት አንዲት የጣት ቁመት የማትሞላ መንጠቆ ላይ ያርፋል። ማሰሪያ የሚፈተነው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሱቁ። እጀታው ውስጥ የሚጠቀለለው፣ ቁልፉን ሲጫኑት ቀጥ የሚለው ገመድ ማለቴ ነው። ሁሉም ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ለእኔ ወንድሜ በ2,600 ብር ገዝቶ አመጣልኝ። እጀታው ላይ የታወቀ የጀርመን ስም ተጽፎበታል፤ ከስሙ ግን አንድ ፊደል ጎድሏል። ክረምቱ መሀል ላይ ስፕሪንጉ ሞተ። ገመዱ ጭቃና ውሃ ይዞ ነው የሚገባው፤ ውስጡ ሲዝግ ገመዱ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ፒያሳ ሰዓትና ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጠው አዩትና "ይሄ ብሎን የለውም፣ በሙጫ ነው የተዘጋው። ብከፍተው ስፕሪንጉ ፊቴ ላይ ነው የሚፈነጠረው" ብለው መለሱልኝ። እኚህ ሰው የተቃጠለ ራዲዮ ከሞት ሲያስነሱ አይቻለሁ። እሳቸው እንቢ ያሉት ዕቃ በቃ ቆሻሻ ነው።

የስፕሪንጉስ ይሁን። መንጠቆው ነው አደጋው። ቅጂዎቹ ላይ ያለው መንጠቆ ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጦ የፈሰሰ፣ ከላይ ብር የሚመስል ቅብ የተቀባ ነው። ሲበዛበት አይታጠፍም፤ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከመግዛታችሁ በፊት በሞረድ ወይም በቁልፍ ጥርስ አንድ ጥግ ላይ ፋቅ አድርጉት። ከሥር ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፣ ክፈሉ። አመድማ ከሆነና ማግኔት ካልሳበው ዚንክ ሳይሆን አይቀርም፣ አስቀምጡት። ባለሱቁ "ለምን ፋቅከው?" ብሎ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

"ኦሪጅናሉስ?" ትሉኝ ይሆናል። ኦሪጅናሉ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለትንሽና ለረጋ ውሻ። 30 ኪሎ ውሻ አምስት ሜትር ተንደርድሮ ገመዱ ሲያልቅ ክንዳችሁን ይነቅለዋል። ደግሞ አሁን በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ከጎኑ የብስክሌት መንገድ አለ። ያ ቀጭን ገመድ በመንገዱ ላይ ተወጥሮ ባለብስክሌቱ አያየውም። ዋጋውም ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚቀመስ አልሆነም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ማሰሪያ አምጣልኝ ከማለት ለውሻው የክትባትና የትል መድኃኒት ብር ስጠኝ ብትሉት ይሻላል።

ቆዳው ሁለተኛ ነው፤ ብዙ አልከራከረውም። ቆዳ ሰፊ ዘንድ 1,800 ብር ተጠይቄያለሁ፣ ተከራክሬ 1,500 ደርሷል። እጅ ላይ እንደሱ የሚመች የለም፣ መዳፍ አይልጥም። ግን ክረምት አይወድም። ሲረጥብና ሲደርቅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ያወጣል። እንዲለሰልስ ብሎ ቅቤ የቀባው ጓደኛ አለኝ፤ ማሰሪያው በማግስቱ የውሻው ቁርስ ሆነ። ቆዳ ከገዛችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩት። እውነተኛው ጠርዙ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋማ ነው። በመሀሉ ጨርቅ ከታያችሁ ከላይ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው።

አሁን ወደ እኔው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና መቀመጫ ቀበቶ ይሸጣል። አስቡት፤ ሰው በግጭት ጊዜ እንዲይዝ የተሠራ ነገር ነው፣ ፖይንተር ምን ይሆናል? ፖሊስተር ስለሆነ ውሃ ብዙም አይጠጣም፣ ጭቃው በሳሙና ይለቃል፣ ማታ አንጠልጥላችሁት ጠዋት ይደርቃል። የፊት ወንበር ቀበቶ ሦስት ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ከእሱ የእጅ ማሰሪያውም የአንገቱም ይበቃል። ጠርዙ የተበላ ወይም ፀሐይ ያነጣው እንዳትወስዱ። "ለውሻ ነው" እንዳትሉ ደግሞ! ዋጋው ወዲያው እጥፍ ይሆናል። "ለሻንጣ ማንገቻ" በሉ። ውሻውንም ይዛችሁ አትሂዱ።

ሒሳቡ ይኸው። ቀበቶው 350 ብር። የነሐስ መንጠቆ ከምን አለሽ ተራ 250። ወፍራም የብረት ቀለበት 60። ስፌት 200። በድምሩ 860 ብር። የወንድሜ ስጦታ ሦስት ወር ኖረ ብንል በወር 870 ብር ገደማ በልቷል ማለት ነው። በዚያ የአንድ ወር ወጪ የእኔ ሙሉ ማሰሪያ ተሠርቶ ጥቂት ብር ይተርፋል። የእኔው ከአንድ ክረምት በላይ አልፎ አሁንም እየሠራ ነው።

ስፌቱን ቆማችሁ አሠሩት። ጫማ ሰፊው ቀጥ ያለ አንድ መስመር ሰፍቶ ሊያስረክባችሁ ይፈልጋል። እንቢ በሉ። መንጠቆው ያለበት ቦታ ቀበቶው ታጥፎ፣ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ፣ በመሀሉ የመስቀል ምልክት መሰፋት አለበት። ክሩ ናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር በዝናብ ይበሰብሳል። ወስፌው ሲወጋ ድርብርቡ ቀበቶ ስለሚያስቸግረው ያጉረመርማል፤ ሻይ ጋብዙት። የተቆረጠውን ጫፍ በላይተር አቅልጡት፣ አለዚያ ይተረተራል። የቀበቶው ወርድ ለእጅ ስለሚበዛ መያዣው ጋ በቁመቱ ለሁለት እንዲያጥፈው ንገሩት።

ውሻችሁ አንገቱን እስኪያስለው የሚጎትት ከሆነ ከዚያው ቀበቶ የደረት ማሰሪያ አሰፉለት፤ እኔን 400 ብር ተጨማሪ አስከፍሎኛል። ቀለበቱ ከጀርባው ሳይሆን ከደረቱ ፊት ይሁን። ከጀርባ ከሆነ እንደ ጋሪ ፈረስ ይጎትታችኋል፤ ከፊት ከሆነ በጎተተ ቁጥር ወደናንተ ይዞራል። የሱቁ የደረት ማሰሪያ ብብቱን ይልጠዋል፤ የፖይንተር ፀጉር አጭር ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ ነው የሚመጣው። ተሰፍቶ ሲያልቅ አስገቡለትና ሁለት ጣት በማሰሪያውና በገላው መሀል ማለፉን እዩ።

ክረምት ሲወጣ ስፌቱን ለጫማ ሰፊው አሳዩት። የተበጠሰ ክር ካለ በ50 ብር ይደግምላችኋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን እንዳትሄዱ፤ የተማሪ ቦርሳ የሚያሰፋው ወላጅ ወረፋውን ይዞታል፣ ዋጋም ያን ጊዜ አይቀመስም።