ሰርቨሩን ከነደብተሩ ላስረከበን ባለሙያ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ቢሮአችሁ ውስጥ በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር ያላችሁ እባካችሁ አንብቡት።

ከእሱ በፊት የመጡት (ስማቸው ይቅር) ጭነው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። የቱ ዲስክ የት እንደተያያዘ፣ የቱ ፋይል እንደተነካ አንዲት መስመር አልተዉም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳም አለ፤ የጫነው ሰውዬ ስልክ አያነሳም። ሁለተኛው መጥቶ «ከአዲስ መጫን ነው» ብሎ ድጋሚ አስከፈለን። እሱም ሳይጽፍ ሄደ!

ይሄኛው ዲቢያን 12ን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) መጫን ሲጀምር የሚሠራውን የሚጽፍበት ደብተርም አብሮ ጀመረ። ዲስኮቹን ሊኑክስ በሚሰጣቸው ስም ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ ብሎ ሳይሆን በዩዩአይዲ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ በማይቀያየረው መለያቸው መዘገባቸው። የፊተኞቹ የሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የኤስዲ ስሞች ማሽኑ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያዙት ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ የተጻፈው ዲስክ ከታጣ ሲስተሙ 90 ሰከንድ ጠብቆ ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚሆን ሁኔታ) ውስጥ ይገባል። እዚያው ፋይል ላይ ለመጠባበቂያው ዲስክ «ኖፌይል» የምትል አንዲት ቃል ጨመረ፤ አሁን ያ ዲስክ ባይኖርም ማሽኑ ይነሳል።

ቀጥሎ ኢቲሲኪፐር የሚባል ፕሮግራም ጫነ። የሲስተሙ ማስተካከያ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የኢቲሲን ፎልደር በጊት (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ በሚይዝ ፕሮግራም) ይመዘግባል፤ በአፕት (በዲቢያን የፕሮግራም መጫኛ) የሆነ ነገር ሲጫን ለውጡን በራሱ ያስቀምጣል። ምን እንደተለወጠ እንጂ ለምን እንደተለወጠ ግን አያውቅም። ስለዚህ ልጁ ፋይል በነካ ቁጥር ወዲያው «ኢቲሲኪፐር ኮሚት» (ለውጡን መዝግብ የሚል ትእዛዝ) እያለ ምክንያቱን በአንድ መስመር ያሰፍራል። ሻዶው የሚባለው የይለፍ ቃል ፋይልም እዚያው ስለሚገኝ መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ እንዳይወጣ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። የተጠቃሚዎች ክሮንታብ (በሰዓታቸው በራሳቸው የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) እና ከኢቲሲ ውጭ ያሉ ስክሪፕቶች (ትንንሽ የትእዛዝ ፋይሎች) በዚህ አይያዙም፤ እነሱን ለብቻ ገልብጧል። ታስበው የተጫኑትን ፓኬጆች (ፕሮግራሞች) ደግሞ በ«አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» ትእዛዝ አውጥቶ ደብተሩ ላይ አያይዟል። ሁሉንም አትሞ ሰጠን፤ ሰርቨሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ከሰርቨሩ ጋር ይሞታልና።

የማይረሳው ግን የርክክቡ ቀን ነው። ትርፍ ኮምፒውተር አስመጥቶ ገንዘብ ያዣችንን «ደብተሩን ብቻ እያየሽ ጫኚው» አላት። እሱ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሦስት ቦታ ቆመች፣ አፈረችም። «አንቺ አልተሳሳትሽም፣ ጽሑፉ ነው የተሳሳተው» እያለ ሦስቱንም ቦታ ደብተሩ ላይ አረመ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ተነሳ! እጁ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጠው።

አሠሩት፣ አሠሩት! አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። ለደብተሩ አንድ ተጨማሪ ቀን ያስከፍላል፤ በዚያ ላይ አትከራከሩት።