የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሐዋሳ፦ ክፍያው የሚታመን፣ መግቢያው የሚያደክም አገልግሎት

ሐዋሳ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። ለረጅም ዘመን የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስለነበረች በየሰፈሩ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ሠራተኛ አይጠፋም፤ ስለ ጡረታ የሚሰነዘረው አስተያየትም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው። አንዳንዱ አበሉን መንግሥት ላረጀ ሠራተኛ የሚያደርገው ችሮታ አድርጎ ያየዋል፤ በተለይ ወጣቱ ደግሞ በየወሩ ከደመወዙ ተቆርጦ የሚቀርበት ገንዘብ እንደሆነ ይናገራል። በመምህርነት አገልግዬ አበሉን መቀበል ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱም አባባሎች ልክ እንዳልሆኑ ስላየሁ፣ ይህን አገልግሎት እንደማንኛውም ገንዘብ እንደተከፈለበት አገልግሎት መመዘን ተገቢ መስሎኛል።

ገንዘብ የተከፈለበት መሆኑ አያጠራጥርም። አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ፈንዱ ያዋጣሉ። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረለት እስከ 70 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 34 ዓመት ያስተማረ መምህር 60 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። የቀመሩ ግልጽነት የአገልግሎቱ ትልቅ ጥንካሬ ነው፤ ማንም ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ የሚደርሰውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስላት ይችላል። ሆኖም 70 በመቶ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ስለሚጠይቅ፣ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ ሳያቋርጥ ከሠራ ሰው በቀር ጣሪያውን የሚነካ የለም። የሚታሰበው የሦስት ዓመት አማካይ በመሆኑም በመስከረም 2018 የተደረገው የደመወዝ ጭማሪ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ለሚወጣ ሰው የሚደርሰው በከፊል ብቻ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሠራተኛ የአበሉን መጠን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም።

ክፍያውን በተመለከተ የምለው ምስጋና ብቻ ነው። አበሉ በየወሩ በባንክ ሂሳቤ ይገባል፤ ለመለመንም ሆነ የሰው እጅ ለማየት አልተገደድኩም። ባለመብቱ ሲሞት ደግሞ የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። ጡረታን በንቀት የሚያነሱ ሰዎች ይህን ክፍል ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም። ባሏ ድንገት የሞተባት እናት የልጆቿን ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዛው በዚህ ገንዘብ ነው።

አድካሚው ክፍል መግቢያው ነው። ጡረታ ለማስከበር የሚጠየቀው ማስረጃ በራሱ ምክንያታዊ ነው፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም። በተለይ በዚህ ፎርም ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን ወሳኝ ነው፤ በኋላ የሚመጣ ሌላ ማስረጃ አይተካውም። ችግሩ ወረቀቶቹ የሚገኙበት ቦታ ነው። የእኔ የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤ በታይፕ ተጽፎ በካርቦን የተገለበጠ ስስ ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ክቡ እንጂ ጽሑፉ አይነበብም፤ የአያቴ ስም ደግሞ ከሌሎቹ ሰነዶች በተለየ ፊደል ተጽፏል። ቀድሞ ካገለገልኩባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ማህደሬን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ መዝገብ ቤቱ ቦታ ሲቀያይር ሠራተኞቹም ተለዋውጠው የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ የተፈታው አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ጭምር ቆይታ የአሮጌ ፋይሎችን ክምር አንድ በአንድ በማገላበጧ ነው።

ይህ በሐዋሳ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ሲዳማ በ2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ በ2015 ደግሞ የቀረው ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲከፈል ቢሮዎች ከሐዋሳ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ዲላና ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በሥራ ዘመኑ ከወረዳ ወረዳ ሲዘዋወር የኖረ ሰው ማስረጃው ዛሬ በተለያዩ ክልሎች ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። ስልሳ ዓመት የሞላውን፣ ጉልበቱ የደከመውን ሰው በገዛ አገልግሎቱ ላይ ማስረጃ ሰብሳቢ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ መዋጮው በየወሩ ሲቆረጥ ዘመኑን መመዝገብም የቆራጩ ኃላፊነት መሆን ነበረበት።

አበሉ ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ መልሱ እንደ ሰው ኑሮ ይለያያል። በሥራ ዘመኑ በማኅበር ተደራጅቶ ቤት የሠራ ሰው ከነቤተሰቡ ችግሩን ተቋቁሞ ያልፋል፤ በኪራይ ቤት የሚኖር ግን አበሉን ከአከራዩ ጋር ይካፈላል። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ዘወትር የሚገዛ ጡረተኛ ኑሮው ከብዶታል። አበሉ ማስተካከያ ሲደረግለት ያድጋል እንጂ ከገበያው ጋር በየወሩ አብሮ አይወጣም። ይህ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ነው፤ ወጣቶቹ ጡረታን ለማጣጣል የሚጠቅሱትም በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

ወጣቶቹ ሲናገሩ ሳዳምጥ ቅሬታቸው ከመዋጮው ይልቅ ስለ መዋጮው ምንም ባለማወቃቸው ላይ እንደሆነ ይሰማኛል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጃገረዶች በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይሸፈናሉ፤ ከእነርሱም 7 በመቶ ይቆረጣል። ብዙዎቹ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ስለሚለቁ ገንዘቡን እንደጠፋ ይቆጥሩታል። በግል ድርጅት የተሠራ ዘመን በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚሠራው ጋር እንደሚደመር የነገራቸው የለም። የማህበራዊ ዋስትና ተቋማቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስንት ዓመት እንደተመዘገበለትና ስንት ብር እንደተዋጣለት በዓመት አንድ ጊዜ በስልክ መልእክት ቢያሳውቁ፣ ሠራተኛውም የጎደለውን በወቅቱ ያስሞላል፤ በስልሳ ዓመቱም ፋይል ፍለጋ አይንከራተትም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በሐዋሳ የምትሠሩ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይም ቀድሞ በደቡብ ክልል ሥር ሆናችሁ ከወረዳ ወረዳ የተዛወራችሁ፣ ወደየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት ሂዱና ማህደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤ መኖሩን፣ በሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይ ያለው የልደት ዘመን መነበቡን፣ የእያንዳንዱ ዝውውር ደብዳቤ መያያዙን አረጋግጡ፤ ከሁሉም ላይ የተረጋገጠ ግልባጭ ወስዳችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። የትዳር ጓደኛችሁም የተቀመጠበትን ቦታ ይወቅ።