ግራብ 2 ለማሰልጠኛ ክፍል፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ብዙ ሰው ግራብን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) የሚያውቀው ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን ሲጭን በምትመጣው ጥቁር ሜኑ ነው፣ ኢንተር ይጫናል አለፈ። እኔ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የአንድ ማሰልጠኛ ኮምፒውተሮችን ነው የማየው፣ እና የግራብ ጉልበቱ ያለው ኮንፊጉ (የሴቲንግ ፋይሉ) ራሱ ስክሪፕት መሆኑ ላይ ነው፣ ኢፍ አለው ፎር ሉፕ አለው ቫሪያብል አለው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ገና ሳይነሳ ይሄን ሁሉ ይሰራል፣ ዋጋው ደሞ ነፃ።

መጀመሪያ ነገር ግራብ ዶት ሲኤፍጂን (ዋናውን የኮንፊግ ፋይል) በእጃችሁ አትነካኩት፣ አፕዴት ግራብ የሚለው ትዛዝ በተሰጠ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ልፋታችሁን ውሃ በላው። የራሳችሁን "40 ከስተም" የሚለው ፋይል ውስጥ አስገቡ። ዲስክንም በቁጥር አትጥሩ፣ ሌላ ዲስክ ወይ ፍላሽ ሲሰካ ቁጥሩ ሊቀያየር ይችላል፣ በ"ሰርች" ትዛዝ በዩዩአይዲ (በራሱ ልዩ መለያ) ፈልጎ ያግኘው።

እኔን በጣም የጣመኝ ግራብ ሪቡት የሚለው ትዛዝ ነው። አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ስሞክር ዲፎልቱን "ሴቭድ" ላይ አድርጌ ለሚቀጥለው አንድ ጊዜ ብቻ በአዲሱ ተነሳ እለዋለሁ፣ ግራብ ደሞ ከርነሉን ከማስነሳቱ በፊት ያቺን ትዛዝ ከግራብኢንቭ (1024 ባይት የሆነች ሚጢጢ ፋይል ናት) ያጠፋታል፣ ስለዚህ አዲሱ ደርቆ ቢቀር አጥፍቶ ማብራት ነው፣ በድሮው ይነሳል። የከርነሉ መስመር ላይ ፓኒክን 10 ካላችሁት ደሞ ፓኒክ ባደረገ (ከባድ ስህተት ገጥሞት በቆመ) በ10 ሰከንድ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል፣ ቤቴ ሆኜ በኤስኤስኤች (ከርቀት በኔትወርክ ገብቼ) ስሰራ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያሳርፍ! ግን ቡት ፎልደሩ ኤልቪኤም ወይ ሬይድ (ዲስኮችን አዋህዶ መጠቀሚያ ዘዴዎች) ላይ ከሆነ ግራብ እዛ ፋይል ላይ መጻፍ ስለማይችል ይሄን እርሱት።

መብራት ደሞ አለላችሁ። ኡቡንቱ እየተነሳ እያለ መብራት ከሄደበት በሚቀጥለው ሜኑውን ይዞ 30 ሰከንድ ይቆማል፣ ተማሪ ተበላሸ ብሎ ይጠራል፣ ሪከርድፌይል ታይምአውት የሚለውን ሴቲንግ 5 አድርጉትና ተገላገሉ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ለምን መሰላችሁ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ አይኤስኦዎችን (የዲስክ ቅጂ ፋይሎችን፣ ለምሳሌ የኡቡንቱ መጫኛ) በፎር ሉፕ እያዞርኩ ሜኑ ላውጣላቸው ብትሉ ስማቸው አምሮ ይደረደራል፣ የትኛውንም ብትመርጡ ግን የሚነሳው የመጨረሻው ነው። ለካ የሜኑ ምርጫው ቅንፍ ውስጥ ያለው ቫሪያብል የሚነበበው ሰው ሲመርጠው ነው፣ ያኔ ደሞ ሉፑ ካለቀ ቆይቷል። የፋይሉን ስም ከርእሱ ቀጥሎ አርጊውመንት አድርጎ መስጠትና ውስጥ ላይ በዶላር 2 መቀበል ነው መፍትሄው፣ ግን ኤረር እንኳን አያወጣም እኮ፣ ማኑዋሉም ደረቅ ነው። ፍላሽ ላይ አይኤስኦ መደርደር ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ቬንቶይ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃችኋል፣ እሱም ውስጡ ግራብ ነው።

ተማሪ ያለበት ቦታ ደሞ ያለ ፓስወርድ እንዳትተዉት፣ ሜኑው ላይ "ኢ"ን የተጫነ ልጅ የከርነሉን መስመር ኤዲት አድርጎ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ) ሆኖ ሊገባ ይችላል። ፓስወርዱን ስታደርጉ የተለመደው ምርጫ ላይ "አንሪስትሪክትድ" ጨምሩበት፣ አለዚያ ለመነሳትም ፓስወርድ እየጠየቀ ክፍሉ ሙሉ ጠዋት ጠዋት እናንተን ሲጠብቅ ይውላል።